መርከቡ ሆላንድ ላይ አንድ ቀን ቢቆም የት እንሂድ? ቦዮቹንና የውሃ ዳር መንደሮቹን አነጻጽሮ ለመምረጥ

አክስቴ ከሜሪላንድ በክሩዝ መርከብ መጥታ ስልክ ደወለችልኝ። "አምስተርዳም ገብተናል፤ የት ነህ?" አለችኝ። እኔ አምስተርዳም ዋናው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ያለችው ግን ኤይማውደን ነው። ኤይማውደን የሰሜን ባሕር ዳር ወደብ ነው። ከአምስተርዳም ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባቡር አይደርስበትም። የጉዞ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው "አምስተርዳም" ብቻ ነበር። እስክንገናኝ ሁለት ሰዓት አለፈ። የነበራት ጊዜ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ እንዲሁ ቀለጠ።

የምኖረው ሮተርዳም ነው። ዘመድና ወዳጅ በመርከብ ሲመጣ ይዤ የምዞረውም እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ "አንድ ቀን ነው ያለን፣ የትኛው መንደር ያምራል?" የሚል ጥያቄ ሲመጣልኝ ስለ ውበት አላወራም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መርከባችሁ በትክክል የት ነው የሚቆመው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የነዚህ መልስ ሲታወቅ ምርጫው ግማሽ በግማሽ ያልቃል። የቀረውን እዚህ እናየዋለን።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁረጥ

መርከቡ "ከ8:00 እስከ 17:00" ይቆማል ሲባል ዘጠኝ ሰዓት ያለን ይመስለናል። የለንም። ጠዋት በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ስለሚወርድ ለመውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ ደግሞ መርከቡ ከመነሳቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሁሉም ሰው መግባት አለበት። ለባቡር መዘግየት ወይም መንገድ ለመሳት አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ያዙ። የሚተርፋችሁ ስድስት ሰዓት ነው።

እኔ የምከተለው ልክ አለኝ። ደርሶ መልስ ጉዞው ከተረፈው ሰዓት ሲሶውን መብለጥ የለበትም። ስድስት ሰዓት ካለ፣ ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት። ከዚህ የሚርቅ ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የሰዓት አቆጣጠሩን አደራ። መርከቡ ላይ የሚለጠፈው 16:30 በእኛ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ካሉ በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በእጃቸው አስይዟቸው። የመርከቡ ሰዓትና የየብሱ ሰዓት አንድ መሆኑንም ጠይቁ። ከእንግሊዝ የተነሳ መርከብ የእንግሊዝን ሰዓት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሆላንድ ደግሞ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

"አምስተርዳም" ሲባል የትኛው ወደብ ነው?

ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው እውነተኛው አምስተርዳም ነው። የመንገደኞች ተርሚናሉ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ትራም ቁጥር 26 ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ቀጣዩ ፌርማታ ጣቢያው ነው። ከዚህ የተሻለ ወደብ የለም። ግን ከተማዋ በሰው ብዛት ተማርራ ከ2026 ጀምሮ የምትቀበለውን የባሕር ክሩዝ በዓመት 100 መርከብ ላይ ገድባለች። ስለዚህ ሌሎቹን ወደቦች ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኤይማውደን ነው፤ አክስቴ የወረደችበት። ወደ አምስተርዳም በአውቶቡስ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መርከቡ የራሱን አውቶቡስ ካዘጋጀ እሱን ያዙ፤ ዋጋውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሮተርዳም ነው። መርከቡ የሚቆመው ከኤራስመስ ድልድይ አጠገብ፣ መሀል ከተማ ላይ ነው። ስትወርዱ በዘመናዊ ፎቆች መካከል አንድ የድሮ ጡብ ቤት ታያላችሁ። ዛሬ ሆቴል ኒውዮርክ ይባላል። ድሮ ስደተኛ ወደ አሜሪካ የሚያጓጉዘው የሆላንድ አሜሪካ መርከብ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቼን ሁልጊዜ እዚያ በር ላይ አቆማቸዋለሁ። ከዚሁ ወደብ ድፍን አውሮፓ ሻንጣውን ይዞ ተሰዷል። እነሱም ዝም ብለው ያዩታል።

በምን እንመዝናቸው?

የጉዞውን ርዝመት አይተናል። ሁለተኛው መመዘኛ ስንት ጊዜ መኪና እንለዋውጣለን የሚለው ነው። አንድ ባቡር ብቻ የሚወስድ አንድ ሰዓትና ሦስት መለዋወጥ ያለበት አንድ ሰዓት እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ ለውጥ አንድ የመዘግየት ዕድል ነው። ሦስተኛው ጉልበት ነው። እዚህ አገር ዳገት የለም፤ ነገር ግን ብዙ ይሄዳል፣ ድንጋይ ንጣፉም ያደናቅፋል። አራተኛው ኪስ ነው።

አምስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የትኛውን ውሃ ነው የምናየው? ከዚህች አገር መሬት አንድ አራተኛ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ሰዉ ከውሃ ጋር የኖረበት መንገድ ግን ቦታ ቦታ ላይ ይለያያል። አንዱ ጋ ውሃ የንግድ መንገድ ነው። አንዱ ጋ ተቀድቶ የሚደፋ ጠላት ነው። ሌላው ጋ ተዘግቶ የቀረ ባሕር ነው። ፎቶው ሁሉም ጋ ይምራል። ታሪኩ ግን አንድ አይደለም። የምትወዱትን ታሪክ ከመረጣችሁ ቦታው ራሱ ይመጣል።

የአምስተርዳም ቦዮች፦ የነጋዴው ውሃ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ በንግድ ስታድግ ነው ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት የተባሉት ቦዮች እንደ ግማሽ ቀለበት ተቆፍረው የሰፉት። ዕቃ የጫነ ጀልባ እስከ ነጋዴው ደጃፍ እንዲደርስ ነው። ቀና ብላችሁ የቤቶቹን አናት እዩ። ወጣ ያለ ግንድና መንጠቆ አለ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ይገባል። ዛሬም ሰው ቤት ሲቀይር እንዲህ ሲያደርግ ታያላችሁ። ከተማዋ ረግረግ መሬት ላይ ስለሆነች ቤቶቹ የቆሙት በተተከለ ግንድ ላይ ነው። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻውን 13,659 ግንድ ተሸክሞታል። የቦዮቹ ቀለበት በ2010 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል።

ጀልባውን በተመለከተ ምርጫው ሁለት ነው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሱት ትልልቆቹ ባለ መስታወት ጀልባዎች አንድ ሰዓት ያህል ያዞራሉ። ዝናብ አያስጨንቃቸውም፤ ለአረጋውያንም ምቹ ናቸው። ትንንሾቹ ክፍት ጀልባዎች ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ግን በጠባቡ ቦይ ይገባሉ፤ የሚያሽከረክረው ሰውም ያወራችኋል። ፀሐይ ካለ ትንሿን እመርጣለሁ። ደመና ከሆነ ትልቁን።

ገንዘብ ለመቆጠብ የምትፈልጉ ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ ውጡ። ኤይ የተባለውን ሰፊ ውሃ ወደ ሰሜን አምስተርዳም የሚያሻግሩ ጀልባዎች በነጻ ናቸው። ቦዮቹን አያሳዩም፤ ከተማዋን ከውሃው ላይ ለማየት ግን ይበቃሉ። ከዚያ ተመልሳችሁ በፕሪንሰንግራኽት ዳር ዳሩን በእግር ሂዱ። ቦዮቹ የሚያምሩት በእግር ሲሄዱባቸው ነው።

የአን ፍራንክን ቤት ማየት የሚፈልግ ካለ ትኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ቶሎ ያልቃል። ደርሳችሁ ሰልፍ መያዝ አይሠራም።

ድክመቷ የሰው ብዛት ነው። ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ መሀል ከተማው ይጨናነቃል። ቀድማችሁ ውረዱ።

ቮለንዳም፣ ማርከንና ኤዳም፦ ባሕር የነበረው ውሃ

አምስተርዳም ወደብ ላይ ለወረደ ሰው የኔ የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። ከባቡር ጣቢያው ላይኛው የአውቶቡስ ማቆሚያ ቁጥር 316 ወደ ቮለንዳምና ኤዳም፣ ቁጥር 315 ወደ ማርከን ይሄዳሉ። ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ፈቅ ቢል ነው። መለዋወጥ የለም።

እዚህ ያለው ውሃ ድሮ ዛውደርዜ የሚባል የጨው ባሕር ነበር። እነዚህ መንደሮች ይኖሩ የነበረው በዓሣ ነው። ባሕሩ ግን አንዳንዴ ይነሳ ነበር። በጥር 1916 በማዕበል ግድቦቹ ተሰብረው አካባቢው ተጥለቀለቀ። ከዚያ በኋላ ኮርኔሊስ ሌሊ የተባለው መሐንዲስ ያቀደው ሥራ ተጀመረ። 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግድብ ተሠርቶ በ1932 ባሕሩ ከሰሜን ባሕር ተቆረጠ። ጎርፉ ቆመ። ውሃው ቀስ በቀስ ጨውነቱን አጥቶ እንደ ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ። የባሕሩ ዓሣ ግን አብሮ ጠፋ። ዓሣ አጥማጁ ሕይወቱን አተረፈ፤ እንጀራውን አጣ። ይህን ሳያውቁ ቮለንዳም ወደብ ላይ የታሰሩትን የድሮ ጀልባዎች ማየትና አውቆ ማየት በጣም ይለያያል።

ማርከን እስከ 1957 ድረስ ደሴት ነበረች። በዚያ ዓመት ከየብስ ጋር የሚያገናኝ ግድብ ተሠራላት። የእንጨት ቤቶቿ የተሠሩት ሰው በቆለለው ጉብታና በቋሚ ምሰሶ ላይ ነው፤ ውሃ ሲመጣ ከሥር እንዲያልፍ። ጸጥ ያለች መንደር ናት። ሰው የሚኖርባት መሆኑን አትርሱ፤ የሰው መስኮት ላይ ተጠግቶ ፎቶ ማንሳት ነዋሪውን ያሳዝናል።

ቮለንዳም ከማርከን ይልቅ ሞቅ ያለች ናት። የወደቡ መንገድ በሱቅ የተሞላ ነው። የባህል ልብስ አልብሰው ፎቶ የሚያነሱ ቤቶች አሉ። ልጆች ይወዱታል። የተጠበሰና በጭስ የደረቀ ዓሣ እዚያው በእጅ ይበላል። ጥሬ ሄሪንግ በሽንኩርትም አለ። ክትፎ ጥሬውን የሚበላ ሰው ይህን አይፈራም፤ አክስቴ ሁለት ጊዜ ነው የገዛችው። ከዋናው መንገድ በስተጀርባ ያሉትን ጠባብ ሰፈሮች ግን ሳታዩ አትመለሱ።

በፈረንጆቹ በጋ ወራት በቮለንዳምና በማርከን መካከል የመንገደኛ ጀልባ ይመላለሳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሳደርገው የኖርኩት መንገድ እንዲህ ነው። በ315 ወደ ማርከን ሄዶ አንድ ሰዓት መዞር፣ በጀልባ ወደ ቮለንዳም መሻገር፣ እዚያ ምሳ፣ ከዚያ በ316 መመለስ። አምስት ሰዓት ይበቃል። የሰው ግርግር የማይወድ ሰው ግን ቮለንዳምን ትቶ ኤዳም ይውረድ። ቺዙ በዓለም የታወቀ ቢሆንም ከተማዋ ትንሽና ሰላማዊ ናት፤ ቦዮቿም ያምራሉ።

ዛንሰ ስካንስ፦ ለሥራ የተጠመደ ንፋስ

በዛን ወንዝ ዳር አረንጓዴ የእንጨት ቤቶችና የንፋስ ወፍጮዎች ተሰልፈዋል። ከአምስተርዳም ባቡር ይዛችሁ ዛንዳይክ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ሩብ ሰዓት በእግር ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ወፍጮዎች እህል መፍጫ ብቻ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዛን አካባቢ ከ600 በላይ ወፍጮዎች ይሠሩ ነበር። እንጨት ይሰነጥቃሉ፣ ዘይት ይጨምቃሉ፣ ወረቀት ይሠራሉ። የእንጨት መሰንጠቂያው መርከብ በፍጥነት እንዲሠራ ረድቷል። ዛሬም "ደ ካት" የሚባለው ወፍጮ ድንጋይ ፈጭቶ ለሠዓሊዎች ቀለም ያወጣል። ውስጡ ገብታችሁ ትልቁ ድንጋይ ሲዞር እዩት፤ ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ለዚህች ትኬት አትሰስቱ።

ችግሩ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎብኚ መምጣቱ ነው። ቤቶቹም ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ ተነቅለው መጥተው እዚህ የተተከሉ ናቸው። እንደ ማርከን በቦታው ያደገ መንደር አይደለም። ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት፣ በፈረንጅ 9:30 ማለቴ ነው፣ ከደረሳችሁ ደስ ይላችኋል። እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ግን ወፍጮውን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዩት። ጊዜው አጭር ለሆነ፣ ልጅ ለያዘና "ወፍጮ፣ ቺዝና የእንጨት ጫማ በአንድ ቦታ" ለሚል ሰው ግን የሚወዳደረው የለም።

ኪንደርዳይክ፦ የሚቀዳው ውሃ

ሮተርዳም ላይ የቆመ መርከብ ካላችሁ ወደ አምስተርዳም አትሩጡ። ኪንደርዳይክ ቅርባችሁ ነው።

19 ወፍጮዎች በሁለት ቦይ ዳርና ዳር ቆመዋል። አብዛኞቹ የተሠሩት በ1738 እና በ1740 ነው። እዚህ ምንም አይፈጭም። ሥራቸው ውሃ መቅዳት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ረግረጉ ሲጠነፈፍ አፈሩ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሬቱም ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ውሃው ተመልሶ ይሰበሰባል። ስለዚህ እንደገና መቅዳት ነው። ወፍጮዎቹ ውሃውን ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው እያነሱ ወደ ወንዙ ያሳልፉት ነበር። ዛሬ ሥራውን ሞተር ወስዶታል። ወፍጮዎቹ ግን አልሞቱም፤ በአብዛኞቹ ውስጥ አሁንም ቤተሰብ ይኖራል። ልብስ ተሰጥቶ፣ ጓሮ ጎመን ተተክሎ ታያላችሁ። ከ1997 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው።

ስሙ "የሕፃን ግድብ" ማለት ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በ1421 ታላቅ ጎርፍ በኋላ አንድ የሕፃን አልጋ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። አልጋው ላይ አንዲት ድመት ከወዲያ ወዲህ እየዘለለች እንዳይገለበጥ ሚዛኑን ትጠብቅ ነበር። ሕፃኑ ደኅና ነበር።

ከመርከቡ ወርዳችሁ የኤራስመስን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። እዚያ የወንዝ አውቶቡስ የሚሆን ፈጣን ጀልባ አለ። በበጋ ወራት ያለ ለውጥ ይወስዳችኋል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ነው። ጉዞው ራሱ ትርዒት ነው፤ በትልቁ ወደብና በመርከብ መሥሪያዎች መካከል ያልፋል። የመመለሻውን ሰዓት ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

እዚህ ጉልበት ያስፈልጋል። ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ወፍጮ መንገዱ ረጅም ነው፤ ጥላ የለም፤ ንፋሱም ይገፋል። እናቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። አሁን ለአረጋዊ ሁልጊዜ ውስጥ ለውስጥ የምትዞረውን ጀልባ ትኬት እቆርጣለሁ። ወፍጮ ውስጥ ያለው መሰላልም ቀጥ ያለ ነው፤ ለደካማ ጉልበት አይሆንም።

ዴልፍትና ሃርለም

እነዚህን ባጭሩ ላንሳቸው። ሁለቱም መንደር ሳይሆኑ ቦይ ያላቸው የቆዩ ከተሞች ናቸው።

ዴልፍት ለሮተርዳም መርከብ ናት። በሜትሮ ወደ ዋናው ጣቢያ፣ ከዚያ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ። ቦዮቿ ጠባብና በዛፍ የተከለሉ ናቸው። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በሚባለው ውስጥ የአገሪቱ ነገሥታት ተቀብረዋል። የአምስተርዳምን መልክ ያለ አምስተርዳም ጩኸት የሚፈልግ ሰው እዚህ ያገኘዋል።

ሃርለም ኤይማውደን ለወረዱ ናት። ከአምስተርዳም ይልቅ ለወደቡ ትቀርባለች። በስፓርነ ወንዝ ዳር በ1932 ተቃጥሎ በ2002 እንደገና የተሠራው "ደ አድሪያን" ወፍጮ ቆሟል። በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ኦርጋን ሞዛርት በልጅነቱ ተጫውቶበታል። ያን ቀን አክስቴን ሃርለም ይዣት ብሄድ ኖሮ ቀኑ ይተርፍ ነበር።

ጊትሆርን፦ ሁሉም የሚጠይቀው

በስልክ የምታዩት ያ መንገድ አልባ መንደር፣ የሣር ክዳን ቤቶችና ትንንሽ የእንጨት ድልድዮች ያሉት፣ ይህ ነው። ውበቱ እውነት ነው። ቦዮቹ የመጡት ሰዎች የረግረጉን አፈር እየቆረጡ፣ አድርቀው እንደ ኩበት ያነዱት ስለነበር ነው። ቆፍረው የወሰዱት ቦታ ውሃ ሞላበት። በአሮጌው መንደር መኪና አይገባም። ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ ጀልባ ተከራይቶ ራስን ማሽከርከር ይቻላል።

ግን ከአምስተርዳም በባቡር እስከ ስቴንዋይክ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። ለመሄድ ብቻ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ደርሶ መልሱ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ስድስት ሰዓት ያለው ሰው እዚያ የሚቆየው ለምሳ ያህል ነው። አንድ አውቶቡስ ካመለጠ ደግሞ መርከቡም ሊያመልጥ ይችላል። ለአንድ ቀን ፌርማታ አልመክረውም። መርከቡ አምስተርዳም የሚያድር ከሆነ፣ ወይም ጉዞው እዚያ የሚጀምር ወይም የሚያልቅ ከሆነ ብቻ ሙሉ ቀን ስጡት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚስማማው ወደብ | ደርሶ መልስ ጉዞ | እዚያ የሚበቃ ጊዜ | የእግር ድካም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአምስተርዳም ቦዮች | አምስተርዳም | 30 ደቂቃ ገደማ | 3–5 ሰዓት | እንደ ምርጫችሁ | ዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ |
| ማርከንና ቮለንዳም | አምስተርዳም | 1 ሰዓት ከ40 ገደማ | 3–4 ሰዓት | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ዛንሰ ስካንስ | አምስተርዳም | 1 ሰዓት ከ40 ገደማ | 2–3 ሰዓት | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ኪንደርዳይክ | ሮተርዳም | 2 ሰዓት ገደማ | 2–3 ሰዓት | ከባድ፣ በጀልባ ቀላል | መካከለኛ |
| ዴልፍት | ሮተርዳም | 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | 3 ሰዓት | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ሃርለም | ኤይማውደን | 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | 3 ሰዓት | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ጊትሆርን | የሚያድር መርከብ ብቻ | ከ4 ሰዓት በላይ | 3–4 ሰዓት | ቀላል፣ በጀልባ | ከፍተኛ |

በመርከቡ ጉብኝት ወይስ በራስ?

መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት ይወደዳል። በራሳችሁ ብትሄዱ ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። እናንተን ብቻችሁን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። አምስተርዳም፣ ዴልፍት፣ ዛንሰ ስካንስና ቮለንዳም በራስ የሚቻሉ ናቸው። ኤይማውደን ወርዳችሁ ሩቅ መሄድ ካማራችሁ ግን በመርከቡ ሂዱ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች ብቻቸውን ከሆኑም እንዲሁ፤ ለነሱ ገንዘቡ ለእረፍት የተከፈለ ነው።

ለማን የቱ?

ኪሳችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ነጻውን ጀልባ፣ የአምስተርዳምን ቦዮች በእግር፣ ወይም የማርከንን አውቶቡስ ያዙ። ምሳ ከመርከቡ ቁርስ በልታችሁ ስትወጡ ብዙም አያስጨንቅም።

ሕፃናት ካሉ ዛንሰ ስካንስ በጠዋት። ጋሪ ይገፋል፤ የሚሠራ ነገርም ያያሉ።

አረጋውያን ካሉ ከአምስተርዳም ባለ መስታወቱ ጀልባ፤ ከሮተርዳም ዴልፍት።

ፎቶ የምትወዱና ጉልበት ያላችሁ ኪንደርዳይክ። ሰው የሌለበት ጸጥታ ከሆነ የሚናፍቃችሁ ኤዳም።

አራት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ከወደቡ ከተማ አትውጡ።

ለጾመኞችም አንድ ቃል። ረቡዕና ዓርብ ላይ ከወደቀባችሁና ዓሣ የማትበሉ ከሆነ የመንደሮቹ ምግብ ይቸግራል። ድንች ጥብስ በየቦታው አለ፤ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ ማዮኔዙ ላይ እንቁላል አለ። ስትሮፕዋፍል የሚባለው ጣፋጭ ቅቤ አለበት። አምስተርዳም ላይ ግን ፋላፌል ቤት አይጠፋም።

ከመውረዳችሁ በፊት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። መርከቡ ከሸንገን ወጥቶ፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ደርሶ፣ ተመልሶ የሚገባ ከሆነ ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ለእንግሊዝ ደግሞ ሌላ ቪዛ ነው። ይህ ወደቡ ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱት።

ለባቡር፣ ለትራምና ለአውቶቡስ የባንክ ካርዳችሁን ማሽኑ ላይ ማስነካት ይበቃል። ስትገቡ አስነኩ፣ ስትወጡም አስነኩ። መውጫው ላይ ከረሳችሁ ከፍ ያለ ሂሳብ ይቆረጣል። ሁለት ሰው በአንድ ካርድ አይሄድም። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሱቆችም ብዙ ናቸው።

ቀይ አስፋልት የብስክሌት መንገድ ነው። አትቁሙበት። ፎቶ ሲያነሱ የሚመቱት ብዙ ናቸው።

መርከባችሁ ከአምስተርዳም ከተማ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ማታ ወደ ክፍላችሁ አትግቡ። ወደ ባሕሩ የሚወስደው በ1876 የተከፈተው የሰሜን ባሕር ካናል ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ እንደተጓዛችሁ ኤይማውደን ላይ በ2022 ሥራ የጀመረው ትልቁ የመርከብ መተላለፊያ በር አለ። 500 ሜትር ይረዝማል፣ 70 ሜትር ይሰፋል፤ በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ የለም። ሁሉም መርከብ በሱ አያልፍም፤ በአጠገቡ ባለው አሮጌው ቢያልፍም ግን ትልቁን በጎን ታዩታላችሁ። ላይኛው ፎቅ ላይ ቁሙ። ጃኬት ያዙ፤ በበጋም ይበርዳል።